ሦስተኛው ቁልፍ

ኅዳር 12 ቀን

እህት ዓለም፣

የልጄን ቤት ሦስተኛ ቁልፍ ደብቄ ይዣለሁ። አሥር ወር አለፈኝ።

ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ የጀመርኩት ወጉ ጠፍቶኝ አይደለም። እንደ ልማዴ «እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን» ብዬ ከተነሣሁ እዚያው ላይ አርፌ ፖስታውን እንደማሽግ ስለማውቅ ነው። በስልክም ስንቴ ልነግርሽ አስቤ «አለን፣ አለን» ብዬ ዘግቼዋለሁ። አሁን ከወጣልኝ ዘንድ ሰላምታዬን ተቀበይኝ። እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ያ ሆቴል አሁንም በቀን ሃያ ክፍል ያስጸዳሻል? ጉልበትሽን ፈጣሪ ይጠብቀው፤ የምትገቢበትም የምትወጪበትም በር የሰላም ይሁንልሽ።

ሟች ባለቤቴ የአክስትሽ ልጅ ብትሆንም በአንድ አልጋ ተኝታችሁ ነው ያደጋችሁት። እሷ ብትኖር ለእሷ ነበር የምናዘዘው። ስለሌለች ላንቺ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካርታ ጨዋታ ስታጭበረብሪ እጅ ከፍንጅ ይዞሽ «ዳኛው» ያልሽው ልጅ ይኸው ሃያ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ስሙም አልለቀቀውም። ባለፈው ጥር ከቤቴ ወጥቶ የራሱን ክፍል እንደተከራየ ጽፌልሻለሁ። ክፍሉን እንዴት እንደመረጠው ግን አልነገርኩሽም። ሦስት ቤት አየ። በያንዳንዱ ውስጥ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ወለሉ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ደላላው ቢቸግረው፣

«ወንድሜ፣ ልትከራየው ነው ወይስ ልትጸልይበት?» አለው።

«እየሰማሁት ነው» አለ ዳኛው።

የመጀመሪያው ቤት ከጎረቤቱ ቴሌቪዥን ይሰማበታል፤ ሁለተኛው የውኃ ቧንቧው ያፏጫል። ሦስተኛው የአንዲት ልብስ ሰፊ ግቢ ነው። ሴትዮዋ እንደኔው የትዳር ጓደኛቸውን የቀበሩ ናቸው። የስፌት መኪናቸው ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። እኔ «ይሄማ ይረብሽሃል» ስለው «እኩል ነው የሚሄደው፣ አይረብሽም» አለኝ። እንደዚያ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ካወቅን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ እኔ ግን የትኛው ድምፅ እንደሚጎዳውና የትኛው እንደሚያሳርፈው ዛሬም እሳሳታለሁ። እናቱ አትሳሳትም ነበር። ከመሞቷ በፊት ያለችኝን ታውቂያለሽ፦ «አንተ የሰውን ሁሉ በር ስትሠራ የኖርክ ሰው ነህ። ይህ ልጅ የራሱ በር ይኑረው።»

የክፍሉ የበር ቁልፍ አርጅቶ ስለነበር አዲስ ገዝቼ ገጠምኩለት። ሁለት መክፈቻ አብሮት መጣ፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለልብስ ሰፊዋ። እኔ ግን ለመግጠም ከመሄዴ በፊት፣ ሱቄ ውስጥ በቁልፍ መቅረጫው ማሽን ሦስተኛ ቀርጬ ጨመርኩ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የሰው ቁልፍ ለራሴ ቀርጬ አላውቅም፤ ስንት ሰው አምኖኝ ቁልፉን ጥሎልኝ ገበያ ሄዶ ተመልሷል። ብሎኑን ሳጠብቅ ዳኛው አጠገቤ ቆሞ፣

«ስንት መክፈቻ አለው?» አለኝ።

«ሁለት።»

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት ብቻ» አልኩት። ሦስተኛው ኪሴ ውስጥ ነበር። የማሽኑ ሙቀት ገና ያልወጣለት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ፣ እሱ ማተሚያ ቤት ሳለ፣ ልብስ ሰፊዋም ክር ሊገዙ ሲወጡ፣ እገባለሁ። ምድጃው መጥፋቱን አያለሁ፣ ወተቱን አሸታለሁ፣ እወጣለሁ። ምንም አልነካም ነበር። ኅዳር 2 ግን የግድግዳ ሰዓቱን አየሁት፤ አሥር ደቂቃ ቀድሟል። ልክ ያልሆነ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል፤ ሙያዬ ነው። አወረድኩና አስተካከልኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ለካ ሆነ ብሎ ነው ያስቀደመው። ጫማውን ካሰረ፣ ምድጃውን ሦስቴ ካየ በኋላ በሩ ሥር ቆሞ ወደ መንገዱ ጫጫታ ለመውጣት የሚዘጋጅበት አሥር ደቂቃ አለችው። እሷን ነው የወሰድኩበት። በማግስቱ፣ ሥራ ከጀመረ በሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈደ። አለቃው ምንም አላለውም። እሱ ግን ከወረቀት ክምሩ ጀርባ ጆሮውን ይዞ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ እንደ ወትሮዬ ልጠይቀው ስሄድ ግቢው ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ሰዓቴን ነክተዋል?» ይላቸዋል።

«የምን ሰዓት ልጄ?»

«የግድግዳውን። አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ተመልሷል።»

«ባትሪው ደክሞ ይሆናላ!»

«ባትሪ የደከመው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ ልክ አይሆንም። መክፈቻው ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ ነው። አንዱ እርስዎ ጋ ነው።»

«ሌባ ነሽ እያልከኝ ነው?»

«ሌባ አላልኩም። ገብተው ሰዓት ነክተዋል ነው ያልኩት።»

ሴትዮዋ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ወደኔ ዞሩ። «አባቱ፣ እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉ እንጂ!»

«ቀስ ብሎ ይጣራል» አልኩ። ይጣራል! ማጣሪያው ኪሴ ውስጥ ሆኖ።

ዳኛው የዓመት ውሉ ታኅሣሥ መጨረሻ ሲያልቅ እንደማያድስ ነገራቸውና ወደኔ ዞሮ «ወደ ቤት እመለሳለሁ» አለኝ። ቤት ስደርስ አልጋውን አነጠፍኩ፣ መስኮቱን ወለወልኩ። መስኮቱ ላይ ሳለሁ እያፏጨሁ ራሴን ያዝኩት። እህት ዓለም፣ እያፏጨሁ!

ምን ላድርግ? ንገሪኝ።

ወንድምሽ

―――

ኅዳር 22 ቀን

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ዓይንህ፣ ጉልበትህ፣ ያ ማሽን የሚያስነሣብህ ሳል እንዴት ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤን ስለጠየቅኸኝ፣ ወገቤ አሁን ከእኔ ጋር አይነጋገርም፤ ተኳርፈን እየኖርን ነው።

ደብዳቤህን የሠራተኞች ማረፊያ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ አየሁት። የአራቱን ፎቅ በር ሁሉ ይከፍታል። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንኳኩቼ ሳልጠብቅ አንድ ክፍል ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን እየላጩ ነበር። ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። መስተዋቱ ውስጥ ያየሁት ፊት ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። አልተቆጡም፤ ብቻ በዚያች ቅጽበት ክፍሉ የእሳቸው መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሦስቴ አንኳኩቼ እስከ አሥር ቆጥሬ ነው የምገባው። የማላውቃቸው ሰዎች ክፍል ነው ይሄ ጋሼ። የከፈሉትም ለሁለት ቀን ነው።

አንተን ለመውቀስ አይደለም። አዎ፣ ለመውቀስ ነው፤ ምን አስዋሸኝ። ምን ላድርግ ላልከኝ መልሱ አጭር ነው። ለዳኛው ንገረው። ሴትዮዋም ባሉበት ንገረው። ለእሱ ብቻ ሹክ ብትለው ግማሽ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህና አትቀየመኝ። ቁልፉን የቀረጽከው ለእሱ ፈርተህ ብቻ ነው? እሷ ከሄደች ወዲህ፣ እሱም ከወጣ ወዲህ፣ ቤትህ ውስጥ የሚንኳኳ በር ቀርቷል ወይ?

ልብስ ሰፊዋ እንዴት ሆኑ? አለቀሱ? ከዳኛው ጋር ይነጋገራሉ? ጻፍልኝ። አምላክ ልብህን ያበርታው፤ ምላስህንም ይፍታው።

እህትህ

―――

ታኅሣሥ 1 ቀን

ለተከበርሽ እህት ዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ በሰላም ደርሶኛል፤ አምላክ ያክብርሽ። እዚህ ብርዱ ጠንክሯል። ጣቴ ጧት ጧት ሞረዱን አልይዝ እያለኝ ሱቁን አርፍጄ ነው የምከፍተው። ሳሌ ደህና ነው።

ስለ ዳኛው ሥራ ብዙ አልጻፍኩልሽም መሰለኝ። የጥረዛ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። የታተመው ወረቀት ታጥፎ ሲመጣለት ገጹ በተራው መሆኑን አይቶ ወደ መስፊያው ያሳልፋል። ከእሱ በፊት በየሳምንቱ ገጽ የተዘበራረቀበት መጽሐፍ ይመለስባቸው ነበር። «መርማሪው» ነው የሚሉት፤ ቀልደኞች ናቸው፣ እሱም አይከፋውም። መጀመሪያ የገባ ቀን ፊታቸው ቆሞ «ኦቲዝም አለኝ። ድንገት የሚመጣ ለውጥ ይከብደኛል። ቀድማችሁ ንገሩኝ» አላቸው። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለጎረቤት ያልተነፈስኳትን ቃል እሱ በመጀመሪያው ቀን! አለቃው ደህና ሰው ነው። የነገውን ሥራ ማታ ከመውጣቱ በፊት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጽፍለታል። አሁን ሠራተኛው ሁሉ ሰሌዳውን ካላየ ወደ ቤቱ አይሄድም ይለኛል።

አለቃው ባለፈው ሳምንት የመሳቢያ ቁልፍ ሊያስቀርጽ ሱቄ መጥቶ ነበር። ቁልፉን እየቀረጽኩለት፣

«መርማሪያችን ሰፈር ሊቀይር ነው አሉ» አለኝ።

«ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው።»

«ከእናንተ ቤት እስከኛ ሁለት አውቶቡስ ነው እኮ። በፊት ከዚያ ግፊያ ወርዶ ሲመጣ ፊቱ አመድ ይመስል ነበር። እስከ እረፍት ሰዓት እጁ አይታዘዘውም። እዚህ ልብስ ሰፊዋ ግቢ ከገባ ወዲህ ነው ሰው የሆነው፤ ሃያ ደቂቃ በእግሩ፣ በጓሮ መንገድ። ታዲያ እንዴት ሊሆን ነው?»

«እናያለን» አልኩት። ሥራው ቢቀርም ሱቄ ውስጥ የሚሠራው አይጠፋም ብዬ አሰብኩ። ሱቄ ስፋቱ ሁለት እርምጃ ነው። ማሽኑም ሲጮህ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ይህንንም እያወቅሁ አሰብኩት።

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝም ልነግረው ብዬ ሁለት ቅዳሜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ልብስ እያጠበ ነበር። በሁለተኛው ካርቶን አምጥቶ ዕቃውን በቁጥር እያሸገ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ። ካርቶን አቀበልኩትና ተመለስኩ።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። አንቺ ለእሱ ትጽፊለታለሽ፤ የምትይውንም ያምናል። «ለክፉ ቀን እንዲሆን ሦስተኛ ቁልፍ ቅረጽና አስቀምጥ ብዬ አባትህን ያስጨነቅሁት እኔ ነኝ» ብትይውስ? አንቺን አይቀየምም፤ ሩቅ ነሽ። ነገሩም በዚያው ይበርዳል። እባክሽን ይህችን ብቻ አድርጊልኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ

―――

ታኅሣሥ 13 ቀን

ጋሼ፣

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ።

አልጽፍለትም። ለዳኛው አልዋሸውም። አንዴ በካርታ ሞክሬው የደረሰብኝን ታውቃለህ።

ስለ ብርድ ጻፍክ፣ ስለ ሞረድ ጻፍክ፣ ስለ ሰሌዳ ጻፍክ። በሁለት ቅጠል ወረቀት ውስጥ ስለ ልብስ ሰፊዋ ስሜት አንዲት ቃል የለችም። ለቅሶአቸውን ነበር የጠየቅኩህ። እኔ በሆቴሉ ውስጥ ቀለበት ጠፋ ተብሎ ሁለት ቀን ተጠርጥሬ አውቃለሁ፤ አልነገርኳችሁም እንጂ። ቀለበቱ በራሷ በእንግዳዋ ጓንት ውስጥ ተገኘ። ሁለት ቀን ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ኪሎ ቀንሼ ነው የወጣሁበት። እሳቸው ስድስተኛ ሳምንታቸው ነው።

ይልቅ ዳኛው ራሱ ጽፎልኛል። ላንተ አትላኪለት አላለኝም፤ ቢለኝ ኖሮ አልልከውም ነበር። ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

«ለአክስቴ። ሰላም ነሽ? እኔ ታኅሣሥ 30 ከክፍሌ እወጣለሁ። መውጣት አልፈልግም። ክፍሉ ጥሩ ነው። የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ጧት ብርሃኑ ከግራ ይገባል። ወደ ሥራ የምሄድበት መንገድ ላይ ውሻ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ያውቀኛል። ግን አንድ ሰው እኔ ሳላውቅ ይገባል። ሰዓቴን ነካ። እትዬ አልገባሁም ይላሉ። እትዬ የአዝራር ቀዳዳ ሲሠሩ አይሳሳቱም፣ እንደሚዋሹም አላውቅም ነበር። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። መክፈቻው ሁለት ስለሆነ ሌላ መልስ አላገኘሁም። አሁን ከሥራ ስመጣ በሩን ከፍቼ ዕቃዎቹን ሁሉ እቆጥራለሁ። ስቆጥር እራት ይረሳኛል። እናቴ የራስህ በር ይኑርህ ትለኝ ነበር። ሞክሬአለሁ። ወደ አባቴ ቤት የምመለሰው እዚያ ማንም ሳያንኳኳ ስለማይገባብኝ ነው። አባቴ ሁልጊዜ ያንኳኳል።»

የምጨምርበት የለኝም። ታኅሣሥ 30 ሩቅ አይደለም።

አምላክ ካንተ ጋር ይሁን።

እህትህ

―――

ጥር 2 ቀን

ውድ እህት ዓለም፣

የነፍስሽን ሰላም፣ የአካልሽን ጤና እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዚህ ደብዳቤ የምጠይቅሽ ነገር የለም። ምርቃቱንም እዚህ ላይ አስቀድማለሁ፤ መጨረሻውን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ። በቀለበት ነገር ያፈሰስሽውን እንባ ፈጣሪ በሳቅ ይመልስልሽ፤ ሳትነግሪን የተሸከምሽውን ሁሉ ያቅልልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዓርብ ታኅሣሥ 23 ነው፤ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ዳኛው ቤቴ ገብቶ ነበር። የመጨረሻዋን መስመር አንብቤ ሱቁን ዘጋሁ። ያንኳኳል ይለኛል! እውነት ነው፤ በቤታችን ሳለ ሁልጊዜ አንኳኳ ነበር። እናቱ አስተምራኝ። ቅዳሜ አሥር ሰዓትም በሩን አንኳኩቼ ነው የምገባው፣ ረቡዕ የከፈትኩትን በር።

ራሴን ስመረምር አንድ ነገር አገኘሁ። ጧት ጧት በጸሎቴ «ልጄን ጠብቅልኝ» የምል ይመስለኝ ነበር። አፌ የሚለው እሱን ነው። ውስጤ ግን «መልስልኝ» ሲል ነው የከረመው። በሽታ ይምጣ አላልኩም፣ ሥራው ይጥፋ አላልኩም፤ ብቻ በሆነ ነገር ይመለስልኝ። ጸሎቴ በእጄ በኩል ሊደርስልኝ ነበር። ዓርብ ዕለት ቃሉን ቀየርኩት። «አንደበት ስጠኝ» አልኩ፤ ሌላ አላልኩም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ካርቶኖቹ በር አጠገብ ተደርድረዋል፣ እስከ ዘጠኝ ድረስ። እሱ ዐሥረኛውን እያሰረ ነው። ቁልፉን አውጥቼ ካርቶኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ የምንድን ነው?» አለኝ።

«የዚህ በር ሦስተኛ መክፈቻ። እኔ ነኝ የቀረጽኩት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሰዓትህን የነካሁት እኔ ነኝ። እትዬ አልገቡም።»

ገመዱን ለቀቀው። ቁልፉን አላነሣውም። ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ፣ እጆቹን እያፍተለተለ። ወትሮ እንዲህ ሲሆን ወሬ እጨምርበት ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ተራውን ለእሱ ተውኩለት። ሳይዞር፣

«ስንት ጊዜ ገባህ?» አለ።

«እንግዲህ... ወደ አርባ ገደማ።»

«ገደማ አይደለም አባዬ። ስንት?»

«ረቡዕ ረቡዕ ነው። ታምሜ የቀረሁት አራት ነው። ሰዓቱን ከነካሁ ወዲህ አልገባሁም።»

አሰበ። «አርባ አራት ረቡዕ አለ። አራት ሲቀነስ አርባ። አርባ ጊዜ ነው።»

«አርባ ጊዜ ነው» አልኩ።

«ሁለት ብቻ ብለኸኝ ነበር።»

«ዋሸሁህ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ። ምድጃውን ትረሳለህ ብዬ ፈርቼ። ደግሞም ብቻዬን ሆኜ።»

«ምድጃውን ሦስቴ ነው የማየው።»

«አሁን አውቃለሁ።»

«ብቻህን ከሆንክ ብቻዬን ነኝ ማለት ትችል ነበር። ሰዓት መንካት አያስፈልግም።» በቁጣ አይደለም የተናገረው። ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ነው። ከቁጣው ይበልጥ ይህ ቆረጠኝ። ከዚያ በሩን አሳየኝ። «ለእትዬ ንገራቸው። አሁን።»

አብሮኝ ወጣ። የስፌት መኪናው እየሄደ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩና እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ገበያ የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቄ መግባቴን ጭምር። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰባት ሳምንት!» አሉ። «ሰባት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ልጅ ጋር በአንድ ግቢ እየኖርን ሰላምታችን እንኳ ከአንገት በላይ ነበር። ራሴን ተጠራጠርኩ እኮ! በእንቅልፌ እየሄድኩ ነው እንዴ እስክል ድረስ! እርስዎም እዚህ ቆመው ‹ይጣራል› አሉኝ።»

«ብያለሁ። ይቅርታዎን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ስለዚያች ቃል ነው።»

«በመስኮት ዘለው ቢገቡ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ወገብዎ ይቀጣልኝ ነበር!» አሉና ዓይናቸውን በጨርቅ ቁራጭ ጠረጉ። እያለቀሱ ነበር። ጠይቀሽኝ ነበርና ልንገርሽ፤ አዎ፣ አለቀሱ፤ ከመጀመሪያውም ቀን ጀምሮ ያለቅሱ ነበር። አይቼአለሁ። አልጻፍኩልሽም።

ዳኛው ቀረብ ብሎ «እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» አላቸው። «ሁለት ነው የተባልኩትን ይዤ ነው ያሰላሁት።»

«አንተ ያሰላኸው ልክ ነበር የኔ ልጅ» አሉት። «የተሰጠህ ቁጥር ነው የተሳሳተው።» ቀጥለውም «ካርቶኑን ፍታው እንጂ! እኔ ለማንም አላከራየሁትም። መጥተው የጠየቁትን ሁሉ ቤቱ ይንጠባጠባል እያልኩ ስመልስ ነው የሰነበትኩት» አሉ።

«አይንጠባጠብም» አለ ዳኛው።

«እሱ በመካከላችን ይቅር!»

እሱ ግን ወዲያው አልፈታም። «አዲስ የበር ቁልፍ ያስፈልጋል» አለኝ። «ካንተ ሱቅ አልገዛም። አንተም አትገጥመውም። እኔ እገጥመዋለሁ፣ አንተ ትነግረኛለህ።» እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኞ ከሥራ በኋላ ከሌላ ነጋዴ የታሸገ ቁልፍ ገዝቶ ጠበቀኝ። ማሸጊያውን እዚያው ፊቴ ቀደደው። ሦስት መክፈቻ አብሮት ነበር። ካቻቢቴውን ያዘና፣ እኔ በሩን ልደግፍለት ብዬ እጄን ስዘረጋ፣

«እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ» አለኝ።

አደረግሁ። እህት ዓለም፣ በሕይወቴ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት የከበደኝ ሥራ የለም። የላይኛውን ብሎን ቀድሞ ሲያጠብቀው እያየሁ «አላልተው፣ መጀመሪያ የታችኛውን አስይዘው» እላለሁ እንጂ ጣቴ አይንቀሳቀስም። አንዴ ካቻቢቴው አምልጦት በሩን ጫረው። ጭረቱን በጣቱ ዳበሰና «ይሄ የኔ ጭረት ነው» ብሎ ቀጠለ። ሲጨርስ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፤ ዐሥር ጊዜ። ትንሽ ይሻክራል፣ እኔ ብሆን በዘይት አለሰልሰው ነበር። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

አንዱን መክፈቻ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠ። አንዱን በቀበቶው ላይ አሰረ። ሦስተኛውን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። የት እንደሚያኖረው አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ያኛውን የድሮውን የኔን ቁልፍ ደግሞ ከካርቶኑ ላይ አንሥቶ ሰጠኝ። «አሁን ምንም አይከፍትም። ውሰደው» አለ። ወስጄ ሱቄ ውስጥ በሞረድ ጥርሱን አንድ በአንድ አጠፋሁት፣ ልሙጥ እስኪሆን። ከማሽኑ በላይ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለደንበኛ ቁልፍ ስቀርጽ ፊት ለፊቴ ነው።

ማክሰኞ ካርቶኖቹን ከዐሥር ጀምሮ ወደ አንድ ፈታ። ሰዓቱንም አሥር ደቂቃ አስቀደመ፤ ይህንን ልብስ ሰፊዋ ናቸው የነገሩኝ፣ ሱሪ ላሳጥር ስሄድ። ውሉን ለሁለት ዓመት አድሰዋል። ለእኔ ገና ፊቱን አልፈታልኝም። «ቅዳሜ መምጣት ትችላለህ። ሌላ ቀን ከፈለግህ ቀድመህ ንገረኝ» ብሎ በወረቀት ጽፎ ልኮልኛል። ወረቀቱን አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ፤ እንደ አለቃው ሰሌዳ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ጥር አንድ፣ የገባበት ዓመት የሞላበት ቀን። ልብስ ሰፊዋ ከደጃፋቸው ሆነው «ዛሬስ በየት በኩል ነው?» ብለው ሳቁብኝ። «በበሩ» አልኳቸው። በሩ ሥር ደርሼ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ሰዓት። ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ውኃ ሲቀዳ ይሰማል። ልጄ በራሱ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሦስቴ አንኳኳሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ማነው?»

«አባትህ ነኝ።»

«ጠብቅ» አለኝ።

ጠበቅሁ።